የተበተኑትን መጻሕፍትና ሰነዶች በካታሎግ ስለ መፈለግ

በመቶኛው ዓመት መታሰቢያ በዓል ጉባኤ የተሰጠ ንግግር

ብፁዓን አባቶች፥ ክቡራን መነኮሳትና መነኮሳይያት፥ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን፥ ከሩቅ አገር በድካም የመጣችሁ ምእመናን ተሳላሚዎች፤

ይህ ጉባኤ የተሰበሰበው የመቶ ዓመትን ጸሎትና አገልግሎት ለማሰብ ነው። በአንድ ስፍራ መቶ ዓመት ለጸና ማኅበር ታሪኩን የሚመሰክሩለት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሕንጻው፥ ሁለተኛው ጽሑፉ። ሕንጻው በቆመበት ስፍራ ይታያል፤ መንገደኛም ሳይጠይቅ ያየዋል። ጽሑፉ ግን በስጦታ፥ በሽያጭ፥ በዘረፋ፥ በስደትና በእሳት ምክንያት በየዘመኑ ከቦታው ስለሚለይ፥ ፈላጊ ካልተነሣለት ባለቤቱ እንኳ እንዳለው ሳያውቅ ይቀራል።

ስለዚህ ዛሬ እንድናገርበት የተፈቀደልኝ ጉዳይ፥ በልዩ ልዩ አገር ባሉ አብያተ መጻሕፍትና መዛግብት ቤቶች የተቀመጡትን የብራና መጻሕፍትና የቆዩ ሰነዶች በካታሎግ፥ ማለት በዝርዝር መዝገብ፥ ፈልጎ ስለ ማግኘት ነው። ነገሩ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን የገዳም ታሪክ፥ የገዳም መብትና የአባቶች ስም የተጻፈበት ቅጠል የሚገኘው በዚሁ መንገድ ስለ ሆነ፥ የሁላችንም ጉዳይ ነው። አስቀድሜ የማሳስበው፥ ሌላ ካልተገለጠ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን ነው፤ ምክንያቱንም በስፍራው እገልጣለሁ።

በመጀመሪያ ፍለጋው ስለ ምን እንዳስፈለገ እንመልከት። ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በኢየሩሳሌም ለብዙ መቶ ዓመታት ሲኖሩ፥ ነገሥታቱም መኳንንቱም ተሳላሚዎቹም መጻሕፍትን ይሰጧቸው ነበር። ከእነዚህም አንዱ፥ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለኢየሩሳሌም ማኅበር የላኩት መጽሐፈ ሲኖዶስ ነው። ይህ መጽሐፍ ዛሬ በኢየሩሳሌም የለም፤ በሮም በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት፥ የቦርጅያ ስብስብ በሚባለው ክፍል፥ በኢትዮጵያ መጻሕፍት ቁጥር 2 ተመዝግቦ ይገኛል። በኢየሩሳሌም የቀረውም ቢሆን ከጥፋት አልዳነም። በ1838 በከተማይቱ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እንዳለቁ፥ መጻሕፍታቸውና ሰነዶቻቸውም በሽታው ይተላለፍባቸዋል ተብሎ እንደ ተቃጠሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል።

በአገር ቤትም እንዲሁ ሆኗል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ሊያሠሩት ላሰቡት ቤተ ክርስቲያን ካሰባሰቧቸው መጻሕፍት ሦስት መቶ አምሳ ያህሉ ተወስደው በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በፓሪስ፥ በኦክስፎርድ፥ በበርሊን፥ በቪየናና በሌሎችም ከተሞች የግዕዝ መጻሕፍት አሉ። እነዚህ ሁሉ ከየት እንደ ተነሡ የሚያስታውስ ሰው በሕይወት የለም። ማስታወሻው የቀረው በመጻሕፍቱ ላይ በተጻፈው፥ ያም ደግሞ በካታሎግ ውስጥ በአጭሩ በተመለከተው ነው።

ካታሎግ የሚለው ስም ከውጭ የመጣ ቢሆንም፥ ሥራው ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የዕቃ ቤቱ ንብረት ዝርዝር፥ መስቀሉ፥ ጽናው፥ መጎናጸፊያው፥ መጻሕፍቱም በየስማቸው፥ በወንጌሉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዕቃ ቤት የሚረከበውም የሚያስረክበውም በዚያ ዝርዝር ነበር። የአውሮፓ ሊቃውንት የሠሩት ካታሎግ ይህንኑ የሚመስል ሆኖ የሚለየው፥ የእያንዳንዱን መጽሐፍ መልክና ይዘት አስፍቶ በመጻፉና በዕቃ ቤቱ ላልተገኘ እንግዳ ሰው እንዲያገለግል ተደርጎ በመታተሙ ነው።

እንግዲህ የፍለጋው ሥርዓት ምን እንደ ሆነ በተራ ልናገር።

የመጀመሪያው ነገር የካታሎጉን ወሰን ማወቅ ነው። ማንኛውም የታተመ ካታሎግ የሚናገረው እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ ስለ ነበረው ብቻ ነው። የሎንዶኑን ለምሳሌ እንውሰድ። አውግስጦስ ዲልማን በ1847 በብሪቲሽ ሙዚየም የነበሩትን የግዕዝ መጻሕፍት በላቲን ቋንቋ ዘርዝሮ አሳተመ። ከዚያ በኋላ የመቅደላ መጻሕፍት ስለ ገቡ፥ ዊልያም ራይት ከ1847 ወዲህ የተገኙትን በ1877 በእንግሊዝኛ አሳተመ። ከ1877 ወዲህ የገቡትን ደግሞ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1978 አሳተመ። እንግዲህ አንዱን ብቻ ተመልክቶ መጽሐፉ በሎንዶን የለም የሚል ሰው፥ ከሦስት ክፍል ዕቃ ቤት አንዱን ብቻ ከፍቶ እንደ ተመለሰ መጋቢ ነው። ከዚህም በላይ መጻሕፍቱ በ1973 ከሙዚየሙ ተለይቶ ወደ ተቋቋመው ብሪቲሽ ላይብረሪ ስለ ተዛወሩ፥ በቀድሞው ካታሎግ የተጻፈውን ስም ይዞ ወደ ሙዚየሙ የሚሄድ ሰው አያገኛቸውም።

በፓሪስም እንደዚሁ ነው። የኸርማን ዞተንበርግ ካታሎግ በ1877 ሲታተም፥ አንቷን ዳባዲ ከኢትዮጵያ ያመጣቸው መጻሕፍት ገና ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት አልገቡም ነበር። ስለዚህ እነርሱን ለማግኘት ዳባዲ ራሱ በ1859 ያሳተመውን ዝርዝር፥ ወይም ኋላ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሌሎች ሊቃውንት የሠሩትን መመልከት ያስፈልጋል። በዚህች በኢየሩሳሌም ደግሞ ኤኖ ሊትማን በግሪኮች ገዳም ያሉትን የግዕዝ መጻሕፍት በ1900፥ በኢትዮጵያውያን ገዳማት ያሉትን በ1902 በጀርመንኛ መጽሔት ላይ ዘርዝሯል። በ1980ዎቹም ዓመታት ኤፍሬም ይስሐቅ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት ዝርዝር አሳትሟል። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመረምር ሰው፥ በሰማንያ ዓመት ውስጥ ምን እንደ ጸና፥ ምን እንደ ተጨመረ፥ የትኛውም መጽሐፍ እንደገና መፈለግ እንደሚገባው ለመረዳት ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ስሙን ማወቅ ነው። መጽሐፉን እኛ በምንጠራበት ስም ካታሎጉ ላይጠራው ይችላል። ዳዊት የሚፈልግ ሰው በላቲኑ ካታሎግ ፕሳልቴሪዩም በሚለው ስም ያገኘዋል። ገድል አክታ ወይም ቪታ፥ ተአምር ሚራኩላ፥ ሰዓታት ሆሮሎጊዩም፥ ስንክሳር ሲናክሳሪዩም ተብሎ ይጻፋል። መልክእ ደግሞ የሥዕል ወይም የምስል ድርሰት ተብሎ የተተረጐመበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንድ ሰው ፍለጋውን ከመጀመሩ በፊት የመጽሐፉን ስም በግዕዝ፥ በላቲንና ካታሎጉ በተጻፈበት ቋንቋ በአንድ ወረቀት ላይ ቢጽፍ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

የፊደሉም ነገር እንዲሁ ነው። የግዕዝን ስም በላቲን ፊደል ሲገለብጡ፥ ቀን አንዱ በኪው ሌላው በኬ፥ ጸን አንዱ በኤስ ሌላው በቲና በኤስ፥ ያዕቆብ የሚለውንም አንዱ በጄ ሌላው በዋይ ይጀምረዋል። ሳድሱን ፊደል አንዱ አናባቢ ይሰጠዋል፥ ሌላው ይተወዋል። በዛሬው ጊዜ በኮምፒዩተር በሚፈለግ ካታሎግ አንዲት ፊደል ብትለወጥ መሣሪያው የለም ብሎ ሊመልስ ይችላል። በግዕዝ ፊደል የሚፈለግ ሲሆንም፥ ሀና ሐና ኀ፥ ሠና ሰ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀ ጸሐፊው እንደ ልማዱ የሚለዋውጣቸው ስለ ሆኑ ሁሉንም መንገድ መሞከር ይገባል። አንድ ጊዜ ፈልጎ የለም ማለት የፈላጊ ሥራ አይደለም።

ሦስተኛው ነገር ቁጥሩን መለየት ነው። በብዙ ካታሎጎች አንድ መጽሐፍ ሁለት ቁጥር አለው። አንደኛው በካታሎጉ ውስጥ ያለው የተራ ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው መጽሐፉ በመደርደሪያው የሚታወቅበት ምልክት ነው። በራይት ካታሎግ የተራው ቁጥር በሮማውያን አኀዝ ተጽፏል፤ የመደርደሪያው ምልክት ግን ኦሪየንታል ወይም አዲሽናል ከሚለው ቃል ጋር በተለመደው አኀዝ ይጻፋል። የቤተ መጻሕፍቱ ዓቃቤ መጻሕፍት የሚያመጣው በመደርደሪያው ምልክት ነው። የተራውን ቁጥር በመደርደሪያው ምልክት ስፍራ አድርጎ የጻፈ ሰው ሌላ መጽሐፍ ይመጣለታል፤ ከዚህም የከፋው፥ በጽሑፉ ጠቅሶት ሲያልፍ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያሳስታል። መጽሐፍ የሚጠቅስ ሰው ከተማውን፥ ቤተ መጻሕፍቱን፥ ስብስቡን፥ የመደርደሪያውን ምልክት፥ ቅጠሉንም ፊት ወይም ጀርባ ብሎ ይጻፍ።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ነገር፥ የመጽሐፉን ዝርዝር እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። በሌላው አገር የመንግሥትና የገዳም ሰነድ በልዩ መዝገብ ቤት፥ በልዩ ሣጥን ሲቀመጥ፥ በኢትዮጵያ ልማድ ግን ሰነዱ የተጻፈው በቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ ነው። የጉልት ስጦታ፥ የርስት ውል፥ የዳኝነት ፍርድ፥ የአበ ምኔት ሹመት፥ የመጻሕፍትም ዝርዝር፥ ማንም ሊፍቀው እንዳይደፍር በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ወንጌል ዘወርቅ የሚባሉትም መጻሕፍት እንደዚህ ያሉ ናቸው። በሽመዛና ያለው የደብረ ሊባኖስ ወንጌል ዘወርቅ የዛጔን ዘመን የስጦታ ጽሑፎች ይዟል፤ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1901 አሳትሟቸዋል።

ታዲያ ካታሎጉን የሚያዘጋጀው ሊቅ ለዚህ ያለ መጽሐፍ የሚሰጠው ርእስ አራቱ ወንጌላት የሚል ነው። ስለ ጉልት፥ ስለ ሙግት ወይም ስለ ገዳም መብት የሚፈልግ ሰው በርእሱ ብቻ ከፈለገ ወንጌል አየሁ ብሎ ያልፋል። የሚፈልገው ነገር ግን በዝርዝሩ መጨረሻ፥ በደቃቅ ፊደል፥ በባዶው ቅጠል ላይ ልዩ ልዩ ማስታወሻዎች አሉ በምትል አንዲት መስመር ተሰውሮ ይቀመጣል። እንግዲህ ከርእሱ ይልቅ ይህችን መስመር ፈልጉ። በታተሙት ካታሎጎች መጨረሻም ብዙውን ጊዜ የሰዎችና የአገሮች ስም ማውጫ ስላለ፥ ኢየሩሳሌም የሚለውን፥ የገዳማችሁን ስም፥ የምታውቋቸውንም የቀድሞ አበምኔቶች ስም በዚያ ተመልከቱ።

ከላይ ያነሣሁት የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሲኖዶስ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በርእሱ የሕግና የሥርዓት መጽሐፍ ነው፤ ሲኖዶስ የሚፈልግ የቀኖና ሊቅ ያገኘዋል። ነገር ግን በዚሁ መጽሐፍ ንጉሡ ለኢየሩሳሌም ማኅበር የጻፉት ደብዳቤ ይገኛል። ሂዮብ ሉዶልፍ ደብዳቤውን ከዚያ አውጥቶ በ1691 በታተመው በታሪክ ማብራሪያ መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል። በ20ኛው መቶ ዓመትም ኤንሪኮ ቸሩሊ ኢትዮጵያውያን በፍልስጥኤም በሚል ርእስ በ1943ና በ1947 በሁለት ክፍል ባሳተመው ሥራ፥ ስለ ኢየሩሳሌም ማኅበር የሚናገሩትን ምንጮች ከልዩ ልዩ አብያተ መጻሕፍት ለቅሞ አሰባስቧል። ለኢየሩሳሌም የተጻፈ ደብዳቤ በሮም፥ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ መገኘቱ ፍለጋ ስለ ምን በርእስ ብቻ እንደማይፈጸም ያስረዳል።

አምስተኛው ነገር ዘመኑን መቍጠር ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተናገርሁት ካታሎጎቹ የሚጽፉት በዚያ ስለ ሆነ ነው። ጸሐፊው በብራናው ላይ የጻፈው ግን ሌላ ነው፤ አንዱ በዓመተ ዓለም፥ አንዱ በዓመተ ሰማዕታት፥ አንዱ በዓመተ ምሕረት ይጽፋል። ዓመተ ምሕረትም በቀድሞ መጻሕፍት ዛሬ እንደምንቈጥረው ሳይሆን፥ በ532 ዓመት ዓቢይ ቀመር ውስጥ ያለውን ዓመት ብቻ የሚያመለክትበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ 6934 ዓመተ ዓለም፥ 1158 ዓመተ ሰማዕታት፥ በቀመሩም 94 ዓመተ ምሕረት የተባሉት ሦስቱ አንድ ዓመት ናቸው፤ ይኸውም ዛሬ በምንቈጥረው 1434 ዓመተ ምሕረት፥ በአውሮፓውያን 1441 እና 1442 ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ካታሎግ የሚያነብ ወጣት ተማሪ ከእነርሱ ዘንድ ቢማር፥ በሰባትና በስምንት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም በመቶዎች ዓመታት ከመሳሳት ይድናል።

ስድስተኛው ነገር የቤተ መጻሕፍትንና የመዛግብት ቤትን ልዩነት ማወቅ ነው። ቤተ መጻሕፍት እያንዳንዱን መጽሐፍ በስሙ ይመዘግባል። መዛግብት ቤት ግን ወረቀቱን የሚያስቀምጠው ባወጣው መሥሪያ ቤት ወይም በጻፈው ሰው ስም ነው፤ እያንዳንዱን ደብዳቤ ለብቻው አይመዘግብም። ስለዚህ በመዛግብት ቤት የኢትዮጵያ ገዳም የሚል ርእስ መፈለግ ብዙ ጊዜ ያለ ፍሬ ያስቀራል። ሊጠየቅ የሚገባው፥ በዚያ ዘመን መነኮሳቱ ለማን አቤት ይሉ ነበር፥ ማንስ ስለ እነርሱ ይጽፍ ነበር የሚለው ነው።

ለምሳሌ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኢየሩሳሌም የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ጄምስ ፊን፥ ከ1846 እስከ 1863፥ የኢትዮጵያውያኑ መነኮሳት ጉዳይ ይቀርብለት ነበር። በዚያው ዘመን የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባትም አስቀድሞ በኢትዮጵያ የኖረ ሰው ነበር። እንግዲህ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚፈልግ ሰው በሎንዶን በብሔራዊ መዛግብት ቤት ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወረቀቶች መካከል የኢየሩሳሌምን ቆንስል ደብዳቤዎች በየዓመታቸው ይጠይቅ። ቱርኮች ያወጡትን ትእዛዝ የሚፈልግም በኢስታንቡል ወዳለው የኦቶማን መዛግብት ቤት ይመልከት። የመዛግብት ቤቱ ዝርዝር የሚነግረው ሣጥኑንና ዓመቱን ነው፤ ወረቀቱን ግን ፈላጊው ራሱ ቅጠል በቅጠል ሊያገኘው ይገባል።

ሰባተኛው ነገር ግልባጩን መፈለግ ነው። ዋናው መጽሐፍ በሩቅ ወይም በዝግ ስፍራ ቢሆን፥ ፎቶግራፉ በቅርብ ሊገኝ ይችላል። በ1949ና በ1950 በኢየሩሳሌም የግሪክና የአርመን ፓትርያርክ አብያተ መጻሕፍት ካሏቸው የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ለአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። በኢትዮጵያም በ1970ዎቹ ዓመታት የቤተ ክርስቲያናችን መንበረ ፓትርያርክ ከሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች ጋር ተባብሮ በጀመረው ሥራ፥ ከዘጠኝ ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። የዚህ ግልባጭ በአሜሪካ በሚኔሶታ ኮሌጅቪል በሚባል ስፍራ፥ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርስቲ ግቢ ባለው በሂል የብራና መጻሕፍት ቤት ተቀምጧል። ከ1975 እስከ 1993 በዊልያም ማኮምበርና በፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዐሥር ክፍል የታተመው ካታሎግ የሚደርሰው እስከ ቁጥር 5000 ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የሚፈልግ ሰው በቤቱ የኢንተርኔት መዝገብ መፈለግ አለበት። ከ2016 ጀምሮም የሃምቡርግ ዩኒቨርስቲ ሊቃውንት ቤተ መጻሕፍት ብለው በሰየሙት ሥራ፥ በየአገሩ ያሉትን የግዕዝ መጻሕፍት መግለጫዎች በአንድ የኢንተርኔት መዝገብ ያሰባስባሉ።

ኢንተርኔት መጣ ተብሎ ግን የታተመው ካታሎግ አይጣል። በጥቅምት 2023 የብሪቲሽ ላይብረሪ ኮምፒዩተሮች በወንበዴዎች ተጠቅተው የኢንተርኔት ካታሎጉ ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በፎቶግራፍ የተነሡትም መጻሕፍት ከዚያ ለረዘመ ጊዜ ሊታዩ አልቻሉም። በዚያ ወራት የ1877ቱ የራይት መጽሐፍ በመደርደሪያው የነበረው ሰው ንባቡን አላቋረጠም።

እስከ አሁን የተናገርሁት በሌሎች እጅ ስላለው ነው። አሁን ደግሞ በእጃችን ስላለው ጥቂት ልበል። በእጃችን ያለው ካልተመዘገበ፥ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጡት ዛሬ እኛ እንደምናደርገው በየአገሩ ይፈልጉታል።

አንዳንድ አባቶች የመጻሕፍቱ ዝርዝር ቢወጣ ሌባን ይጠራል ብለው ይሰጋሉ። ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ስንት መጻሕፍት በወዳጅነት ስም ገብቶ በተመለከተ እንግዳ እጅ እንደ ወጡ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ስጋቱን ንቆ ማለፍ አይገባም፤ መልስ ሊሰጠው ይገባል። መልሱም ሁለት መዝገብ ማድረግ ነው። አንደኛው መጽሐፉ በየትኛው ሣጥንና ስፍራ እንዳለ የሚናገር ሆኖ በአበ ምኔቱና በዕቃ ቤቱ ኃላፊ እጅ ብቻ ይቀመጥ። ሁለተኛው የመጽሐፉን መልክና ይዘት ብቻ የሚገልጥ ሆኖ ግልባጩ ከገዳሙ ውጭ በታመነ ስፍራ ጭምር ይቀመጥ፤ በ1838 የሆነው ያስተማረን፥ ጽሑፍም ዝርዝርም በአንድ ቤት ቢቀመጡ በአንድ እሳት እንደሚጠፉ ነውና።

ያልተመዘገበ መጽሐፍ ቢሰረቅ የእኛ ነው ብሎ ለመከራከር ማስረጃ የለም። የተመዘገበ ግን ከሩቅ አገር ሊመለስ ይችላል። ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በ1872 ከመቅደላ የተወሰደውን ክብረ ነገሥት በስሙ ጠርተው ወደ እንግሊዝ በጻፉ ጊዜ፥ ብሪቲሽ ሙዚየም ከነበሩት ሁለት ግልባጮች አንዱን በዚያው ዓመት መልሷል። በ2016ም በዋሽንግተን ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርስቲ አንድ የግዕዝ ብራና ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መልሷል። ጠያቂም ሆነ መላሽ መጽሐፉን ከሌላው መጽሐፍ ለይቶ ካላወቀው በቀር መመለስ አይቻልም።

ስለዚህ የሚመዘግብ ሰው ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ይህን ይጻፍ፤ ቁጥሩን፥ ስሙን፥ የቅጠሉን ብዛት፥ የዓምዱንና የመስመሩን ቁጥር፥ ቁመቱንና ወርዱን በሳንቲ ሜትር፥ የጸሐፊውን፥ የአጻፊውንና የባለቤቱን ስም፥ ሥዕልና ሐረግ ቢኖረው ያንን፥ በኅዳግና በባዶ ቅጠል ያለውን ማስታወሻ ሁሉ እንደ ተጻፈው። አንድ ነገር በተለይ አይርሳ፤ የሁለተኛውን ቅጠል የመጀመሪያ ቃላት ይጻፍ። የመጽሐፉ መጀመሪያ በማንኛውም ግልባጭ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ቅጠል ግን እንደ ጸሐፊው እጅ ስፋት በተለያየ ቃል ስለሚጀምር፥ አንዱን ዳዊት ከሌላው ዳዊት ለመለየት ያስችላል። በአውሮፓ የነበሩ የቀድሞ ገዳማትም መጻሕፍታቸውን በዚህ ምልክት ያውቁ ነበር። በመጨረሻም መዝጋቢው ስሙንና ቀኑን ያኑር።

ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ግዕዝ የሚያውቅ አንድ አባት፥ መስመርና ቅጠል የሚቈጥር አንድ ወጣት ረዳት፥ አንድ ደብተርና አንድ ማስመሪያ ይበቃሉ። በቀን አንድ መጽሐፍ ቢመዘገብ፥ በዓላቱና የጾሙ ሳምንታት ተቀንሰው እንኳ፥ በአንድ ዓመት ብዙ ይፈጸማል። ከሩቅ የመጣችሁ ተሳላሚዎችም ድርሻ አላችሁ። በምትኖሩበት ከተማ ባለው ቤተ መጻሕፍት የግዕዝ መጽሐፍ መኖሩን ካታሎጉን ጠይቁ፤ ያገኛችሁትን ከነመደርደሪያው ምልክት ጽፋችሁ ወደ ገዳማችሁ ላኩ። በአንድ ሰው ፍለጋ የማይገኘው በብዙዎች ፍለጋ ይገኛል።

ብፁዓን አባቶች፥ ወንድሞችና እኅቶች፤ የዛሬ መቶ ዓመት በዚህ ስፍራ የሚሰበሰቡት የሚያነቡት ዛሬ የተጻፈውን ነው። የቀድሞዎቹ አባቶች ስማቸውንና መብታቸውን ከእጃቸው በነበረው ከሁሉ በከበረው መጽሐፍ ላይ ጽፈው አስቀምጠዋል። እኛም የት እንዳለ ጽፈን ብናስቀምጥላቸው ልጆቻችን በቀላሉ ያገኙታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።